ኪኔሲን ወደ መሃል እየሄደ ፖሎቹን እንዴት ነው የሚያራርቃቸው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ የሴል ባዮሎጂ ፈተና ደርሶብኛል ማይቶሲስ (የሴል ክፍፍል) ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ማይክሮቲዩቡሉ (ሴሉ ውስጥ ያለው ቱቦ መሰል ክር) ማይነስ ጫፉ ፖሉ (ክሮቹ የሚነሱበት ዳር) ጋ ነው፣ ፕላስ ጫፉ ራቅ ብሎ ወደ ሴሉ መሃል ያያል፣ እስከዚህ ችግር የለም። ክሩ ላይ ከሚራመዱት ሞተር ፕሮቲኖች አብዛኛው ኪኔሲን ወደ ፕላስ ዳይኒን ወደ ማይነስ ይሄዳል ይሉናል። ታዲያ ኪኔሲን 5 ወደ መሃል የሚሄድ ከሆነ ሁለቱን ፖሎች እንዴት ነው የሚገፋቸው? ይባስ ብሎ መሰብሰብ አልነበረበትም? ሁለተኛ፣ አናፌዝ (ክሮሞዞሞቹ ተለያይተው ወደየፖሉ የሚሄዱበት ደረጃ) ላይ ክሮሞዞሞቹን ወደ ፖል የሚጎትታቸው ዳይኒን ነው ብዬ ጽፌ ማርክ ተቀነሰብኝ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እባካችሁ ስዕሉን አስር ጊዜ አይቼዋለሁ በቃል አስረዱኝ

የማይክሮስኮፕ ልጅ፦
እህቴ ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ያልፈዋል። ግራ ያጋባሽ ኪኔሲንን ሁሌ እንደ ተሸካሚ ስለምታስቢው ይመስለኛል። ኪኔሲን 1 እውነትም ተሸካሚ ነው፣ ሁለት እግር አለው፣ በአንድ ኤቲፒ (የሴሉ የጉልበት ሞለኪውል) 8 ናኖሜትር ይራመዳል፣ ያም ማይክሮቲዩቡል የሚሰራበት ፕሮቲን፣ የአንድ ቲዩቡሊን ጥንድ፣ ርዝመት ነው። ኪኔሲን 5 ግን አራት እግር ነው ያለው፣ ሁለቱ በአንድ በኩል ሁለቱ በሌላ በኩል መሃሉ ላይ ዘንግ፣ ስለዚህ በአንዴ ሁለት ማይክሮቲዩቡል ይይዛል፣ አንዱ ከግራ ፖል የመጣ አንዱ ከቀኝ።

እስኪ ሁለት እርሳስ አምጪ። ላጲሳቸው ፖል ነው ሹል ጫፋቸው ፕላስ። አንዱን ላጲሱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርገሽ ሹል ጫፎቻቸው እንዲተላለፉ ጎን ለጎን አስተኚያቸው። አሁን በአንዱ ላይ አንድ ጣት በሌላው ላይ አንድ ጣት አድርጊና ሁለቱም ጣቶች ወደየራሳቸው እርሳስ ሹል ጫፍ ለመሄድ ይሞክሩ፣ ግን ጣቶቹ እርስ በርስ ታስረዋል መለያየት አይችሉም። ጣቶቹ መሄድ ካልቻሉ ምን ይሄዳል? እርሳሱ! ግራው ወደ ግራ ቀኙ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ላጲሶቹ ይራራቃሉ። ሞተሩ አቅጣጫውን አልቀየረም፣ የተንቀሳቀሰው መንገዱ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦
እሱ ላይ ልጨምር፣ ማስረጃውም አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሞናስትሮል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ተገኘ፣ ኪኔሲን 5ን ያስቆማል። ሴሉ ውስጥ ሲጨመር ፖሎቹ መራራቅ ያቅታቸውና ስፒንድሉ (ማይክሮቲዩቡሎቹ የሚሰሩት መዋቅር) ባለ አንድ ፖል ይሆናል፣ ክሮሞዞሞቹ ዙሪያውን ከበው ይቀራሉ። ፈተና ላይ ይቺን ብትጽፊ ጥሩ ነው። በተቃራኒው ኪኔሲን 14 ደግሞ ወደ ማይነስ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ስፒንድሉ የሚቆመው በነዚህ ትግል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን እኔም ዳይኒን ነው ብዬ ነው የማውቀው፣ ኪኔቶኮር (ክሮሞዞሙ ማይክሮቲዩቡሉን የሚይዝበት ቦታ) ላይ አለ አይደል?

የማይክሮስኮፕ ልጅ፦
አለ፣ ስራም አለው፣ መጀመሪያ ላይ ክሮሞዞም ማይክሮቲዩቡልን ጎኑ ላይ ሲይዝ በፍጥነት ወደ ፖል የሚወስደው እሱ ነው፣ በኋላም የቼክፖይንት ፕሮቲኖችን (ክሮሞዞሞቹ በደንብ እስኪያያዙ ክፍፍሉን የሚያስቆሙትን) ከኪኔቶኮሩ ያነሳል። አናፌዝ ላይ ዋናው ጉልበት ግን ማይክሮቲዩቡሉ ራሱ ሲፈርስ የሚወጣው ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ማይክሮቲዩቡሎቹ ላይ በብርሃን ምልክት ተደርጎ ሲታይ ምልክቱ ባለበት ቆሞ ክሮሞዞሞቹ ናቸው ወደሱ የመጡት፣ ማለትም ማሳጠሩ የተካሄደው ኪኔቶኮሩ ጋ ነው። በአንዳንድ ሴል ፖሉ ጋም ይፈርሳል እሱን አትርሺ።

ጠያቂዋ፦
እርሳሱን ሞከርኩት ገባኝ!! ግን እየፈረሰ ያለ ነገር እንዴት ይጎትታል፣ ኤቲፒስ?

ባዮ ሰው፦
በ1988 እ.ኤ.አ. ከሴል ውጪ ተሞክሮ ኤቲፒ በሌለበትም ክሮሞዞም ተንቀሳቅሷል። ጉልበቱ ቀድሞ የተከማቸ ነው። ቲዩቡሊን ጂቲፒ (እንደ ኤቲፒ ያለ የጉልበት ሞለኪውል) ይዞ ማይክሮቲዩቡሉ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ጂቲፒው ይሰበራል፣ ያኔ ቲዩቡሊኑ መጉበጥ ይፈልጋል ግን ጎረቤቶቹ ቀጥ አድርገው ይዘውታል፣ እንደተወጠረ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጂቲፒ ሲጠፋ ማይክሮቲዩቡሉን የሚሰሩት የቲዩቡሊን ግንዶች (ባብዛኛው 13 ናቸው) ወደ ውጪ እየተጠቀለሉ ይፈታሉ፣ ኪኔቶኮሩ ደግሞ ኤንዲሲ80 በሚባለው ፕሮቲን ሳይለቅ እየተንሸራተተ ይከተላል። ከባዱ ነገር መጎተቱ ሳይሆን የሚጠፋ ጫፍ ይዞ አለመውደቁ ነው ለኔ፣ ይሄን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ጠያቂዋ፦
እሺ የመጨረሻ፣ በራሴ ልሞክር አርሙኝ። ዳይኒን ከሴል ሜምብሬን ስር ከታሰረና ከፖሉ ወደ ሜምብሬን የመጣውን አስትራል ማይክሮቲዩቡል ከያዘ፣ ወደ ማይነስ ልሂድ ይላል ግን ታስሯል፣ ስለዚህ ማይክሮቲዩቡሉ ወደሱ ይሳባል ፖሉም አብሮ ወደ ሜምብሬን ይመጣል?

የማይክሮስኮፕ ልጅ፦
በትክክል፣ ይሄ አናፌዝ ቢ (ፖሎቹ ራሳቸው የሚራራቁበት የአናፌዝ ክፍል) ላይ ፖሎቹን ከውጪ የሚስበው ነው። ወረቀቱ ላይ ከመጻፍሽ በፊት ፕላስና ማይነሱን እያንዳንዱ መስመር ላይ ምልክት አድርጊ፣ ከዛ የታሰረው ማን እንደሆነ ለይ።