ጋሊፍሬይን ማዳን ነበረባቸው ወይ?

ሰማያዊ ሣጥን (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ የ«ዶክተር ሁ» የቴሌቪዥን ድራማን የ50ኛ ዓመት ልዩ ዝግጅት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ደግሜ አየሁት። «የዶክተሩ ቀን» የሚለውን ማለቴ ነው። ካየሁት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጭቅጭቁን ይዤላችሁ መጣሁ።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ድራማው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 በቢቢሲ ጀመረ። ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። ዶክተሩ ጋሊፍሬይ ከምትባል ፕላኔት የመጣ፣ ታርዲስ በሚባል ሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን ጊዜን እያቋረጠ የሚጓዝ ፍጡር ነው። ሊሞት ሲል አካሉ ይታደስና በሌላ ተዋናይ ይቀጥላል። ድራማው በ1989 ተቋረጠ። በ2005 ረስል ቲ ዴቪስ ሲመልሰው አንድ ከባድ ነገር ጨመረበት። የጊዜ ጌቶች የሚባሉት የዶክተሩ ወገኖች ዳሌክ ከሚባሉ ጨካኝ ጠላቶቻቸው ጋር ተዋግተዋል፣ ዶክተሩም ጦርነቱን ለማስቆም የገዛ ፕላኔቱን ከነዳሌኮቹ አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዶክተር ሁሉ ይህን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

በ2013 ስቲቨን ሞፋት የ50ኛውን ዓመት ሲጽፍ ወደዚያች ቀን መለሰን። ሦስት ዶክተሮች፣ ማለትም ጆን ኸርት፣ ዴቪድ ቴናንትና ማት ስሚዝ፣ አንድ ጎተራ ውስጥ ፕላኔቷን የሚያጠፋውን ቁልፍ ሊጫኑ ቆሙ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ጋሊፍሬይ አልተቃጠለችም። ባለችበት ቅጽበት እንደ ሥዕል ደርቃ ተደበቀች።

ጥያቄው ይኸው። ትክክል ነበር? ወይስ የስምንት ዓመት ታሪክ በአንድ ማታ ተሰረዘ? እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

የብሪክስተኗ (ለንደን)፦
አልነበረም። ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

እዚህ አገር የመጣሁት በ2005፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛው ገና አልገባኝም ነበር። የዚያን ዓመቱ ዶክተር ኤክልስተን ግን ገባኝ። በሰንሰለት የታሰረ አንድ ዳሌክ ፊት ቆሞ በጥላቻ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። አገሩን ያጣ፣ ያጠፋትም ራሱ የሆነ ሰው። ቃሉ ባይገባኝም ፊቱ ይበቃኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰው ጋር ለቅሶ ተቀመጥን። ከዚያ ሞፋት መጣና «ውይ፣ ለካ አልሞቱም» አለን። ቀብረህ፣ አፈር አልብሰህ፣ ንፍሮ ቀምሰህ ስትመለስ ሟቹ በር ላይ ቆሞ ቢቀበልህ ደስ ይልሃል?

ዳሌክ ከቦሌ፦
ደስ ይለኛል። የእድሩን ብር መልስ እንዳይሉኝ ነው እንጂ የምፈራው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ሲኒማ ቤት በ3ዲ መነጽር ነው ያየሁት። የአሥራ ሦስቱም ዶክተሮች ታርዲሶች ጋሊፍሬይን ሲከቡ፣ ገና ሥራ ያልጀመረው የቀጣዩ ዶክተር የፒተር ካፓልዲ ዓይን ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ሲል፣ ሕዝቡ ጎል እንደገባ ጮኸ። አጠገቤ የነበረ ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ። ይኼ የልደት ግብዣ ነው እህቴ። በ94 አገር በአንድ ሰዓት የታየ። ለልደት የተጠራ ሰው ሐዘን ይዞ ይመለስ?

የብሪክስተኗ፦
ግብዣ ከሆነ ኬክ ቆርሰው ይልቀቁን። ኬኩን ለመጋገር የድራማውን ምሰሶ ለምን ማገዶ ያደርጉታል?

ዳሌክ ከቦሌ፦
እኔ በፍላሽ ተቀብዬ ነው ያየሁት። ከተላለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ድምፁ ከአፋቸው ግማሽ ሰከንድ እየዘገየ። ስለዚህ ስሜታችሁን አልጋራም። ግን አንድ ነገር ልበል። ፊልሙን ያበላሸው ጋሊፍሬይ አይደለም፣ የሰው መልክ የሚይዙት ዛይጎኖቹ ናቸው። ያ ቀይ፣ እንደ ኦክቶፐስ የተለጠጠ ፍጡር ምን ይሠራል? ቴናንት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ማግባቱስ? ግማሽ ሰዓት በከንቱ ሄደ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የሠርጉን ነገር አልከራከርህም። ቀልዱ ለኔም አልጣመኝም። ዛይጎኖቹን ግን በደንብ እያቸው። ከለንደን ግንብ ሥር የኑክሌር ቦምብ አለ። ምድርን ከባዕድ ፍጡራን የሚከላከለውን ድርጅት የምትመራው ኬት ስቱዋርት ዓለምን ለማዳን ብላ ለንደንን ከነሕዝቧ ልታፈነዳ ቆጠራ ጀምራለች። ዶክተሮቹ ደርሰው ያስቆሟታል። ማን ሰው፣ ማን ዛይጎን እንደሆነ ከሁሉም አእምሮ ያጠፉና ተደራደሩ ይሏቸዋል። የትኛው ወገን እንደሆንክ ካላወቅህ ፍትሐዊ ውል ትጽፋለህ። እና ሌላውን «አታድርጊው» ብለው ካስቆሙ በኋላ ተመልሰው ያንኑ ነገር እንዴት ራሳቸው ያደርጉታል? ዛይጎኑ ከወጣ ጎተራው ባዶውን ይቀራል።

ዳሌክ ከቦሌ፦
እሺ ይሁን። ውሉ ግን ምን ላይ እንደደረሰ ሳይነግሩን ክፍሉን ዘግተው ሄዱ። መልሱን በ2015 ነው ያገኘነው።

ጋሽ አራተኛው (ለንደን)፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዘግይቼ ገባሁ።

እኔ ለትምህርት እዚህ ስመጣ ዶክተሩ ቶም ቤከር ነበር። ያ ረጅም ስካርፍ ያለው፣ አራተኛው። ቅዳሜ ማታ በተከራየሁበት ቤት ሴትዮዋ ቴሌቪዥን ትከፍትልኝ ነበር። እና ስለ በዓላት ዝግጅት ትንሽ አውቃለሁ። በ1983 ለ20ኛው ዓመት አምስቱን ዶክተሮች እናሰባስብ አሉ። የመጀመሪያው፣ ዊልያም ሃርትኔል፣ በ1975 ሞቷል። በሱ ቦታ ሪቻርድ ኸርንዳል ተጫወተ። ቶም ቤከር ደግሞ አልመጣም አለ። ስለዚህ ተቀርጾ ካላለቀ አንድ አሮጌ ክፍል ላይ ቆርጠው ሁለት ደቂቃ ያህል አሳዩን። እኔ ለሱ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት! ታሪኩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግን ወደድነው።

በነዚህ በዓላት ሁልጊዜ የሚቀር አለ። በ2013 የቀረው ኤክልስተን ነው። እሱ እምቢ ስላለ ነው ጆን ኸርት የመጣው። ማንም የማያውቀው፣ ራሱን ዶክተር ብሎ መጥራት ያፈረ፣ በጦርነቱ ጊዜ የነበረ ዶክተር ተፈጠረለት። ክፍተቱን ለመድፈን የገባው ሰው ፊልሙን ተሸክሞት ወጣ።

የብሪክስተኗ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ነው የሚያናድደኝ። ታሪኩ የኤክልስተን ነበር። ባለቤቱ በሌለበት ዕዳው ተሰረዘ።

ሰማያዊ ሣጥን፦
አልተሰረዘም! የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። የጊዜ መስመሮቹ ስለተጋጩ ኸርት ያደረገውን አያስታውስም። ቴናንትም አያስታውስም። ኸርት ታድሶ ኤክልስተን ሲሆን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቃጥያቸዋለሁ። አራት መቶ ዓመት ያህል ይህን አምኖ ኖረ። ያኔ ያየሽው እንባ እውነተኛ እንባ ነው። ሰውዬው ኃጢአቱን አምኖ ንስሐ ገብቷል። በኋላ ኃጢአቱ አልተፈጸመም ቢባል ንስሐው ውሸት ይሆናል?

የብሪክስተኗ፦
ለሱ አይሆንም። ለኔ ይሆናል። እኔ ተመልካች ነኝ። አሁን ያን የታሰረውን ዳሌክ ደግሜ ሳይ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሹክ ይላል፤ «አይዞሽ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ» ይለኛል። ሹክሹክታውን የጨመረው ሞፋት ነው። ማጥፋት አልቻልኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ አልዋሽም።

ሰማያዊ ሣጥን፦
እሺ፣ ግን እስር ቤቱ ውስጥ ያለችውን ትዕይንት አስታውሺ። ኸርት ይጠይቃቸዋል። በዚያች ቀን ጋሊፍሬይ ላይ ስንት ሕፃናት እንደነበሩ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ስሚዝ አላስታውስም ይላል። ቴናንት በንዴት ቁጥሩን ይጠራል። 2.47 ቢሊዮን። ቴናንት ያን ቁጥር ሲቆጥር ኖሯል፣ ስሚዝ ደግሞ ረስቶታል። ቴናንት እንዴት ትረሳለህ ብሎ የሚያየውን አስተያየት አስታውሺ፤ የሚያየው እኮ የነገ ራሱን ነው! ከ50 ዓመት ድራማ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሁለት ደቂቃ የለም። ይህን የጻፈ ሰው ሐዘኑን ንቋል አትበይ። ሸክሙ መድረስ ያለበት ቦታ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ መርሳት ብቻ ነው።

ዳሌክ ከቦሌ፦
ስለ መጥፋትና መገኘት ካነሳችሁ የኛን አገር ጉድ ልንገራችሁ። ቢቢሲ በድሮ ጊዜ ካሴቶቹን እየደመሰሰ የድራማው ከመቶ በላይ ክፍሎች ጠፍተው ነበር። ልክ በዚያው በ2013፣ በዓሉ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩ፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ «ከመቶ በላይ የጠፉ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ» ብሎ ጻፈ። በል እንግዲህ! አንድ ጓደኛዬ ከእንግሊዝ ደውሎ «ሄደህ አረጋግጥልኝ» አለኝ። የት ሄጄ? የማን በር ልምታ?

ጋሽ አራተኛው፦
አስታውሳለሁ። እኔንም በሥራ ቦታ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር፣ መጋዘኑ ሳሎኔ ውስጥ ያለ ይመስል። በኋላ ዘጠኝ ክፍሎች ተገኙ፣ ግን ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ። የጠፉት ከ106 ወደ 97 ወረዱ። ተቃጠለ ብለን እርማችንን ያወጣነው ነገር አፍሪካ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ከወር በኋላ ደግሞ ጋሊፍሬይ። ለኔ ሁለቱ ዜናዎች አንድ ላይ ነው የመጡት። ለዚህ ይሆናል ልቤ ለሞፋት ያደላው።

የብሪክስተኗ፦
ጋሼ፣ ይህችን ወደድኳት። ግን ካሴቱ ሲገኝ እናየዋለን። ጋሊፍሬይ ተገኝታ ምን አየን? በ2015 ዶክተሩ ደረሰባት፣ አንድ ክፍል ቆየና ጥሏት ሄደ። በ2020 ደግሞ ማስተር የተባለው ጠላቱ እንደገና አወደማት። ከተረፈች በኋላ ምን እንደሚያደርጓት ማንም አላወቀም። ምክንያቱም የምትጠቅመው ጠፍታ ሳለ ነበር።

ዳሌክ ከቦሌ፦
ሁለቴ የተቃጠለች ፕላኔት። ኢንሹራንሱ ስንት ይሆን?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቆይ፣ ቆይ። 60ኛውን ዓመትስ? በ2023 የጦርነቱ ታሪክ ባለቤት ዴቪስ ራሱ ተመልሶ ሦስት ልዩ ዝግጅቶች ጻፈ። ቴናንትን መልሶ አመጣ። በመጨረሻው ዶክተሩ ሲታደስ ለሁለት ተከፈለ። ተተኪው ንኩቲ ጋትዋ ታርዲሱን ይዞ ሄደ፣ ቴናንት የድሮ ጓደኛው ዶና ቤተሰብ ጋ ግቢ ውስጥ ከጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ምሳ በላ። ዕረፍት ሰጠው። እና ሞፋት በ2013 ያደረገውን ዴቪስ በአሥር ዓመቱ ደገመው ማለት ነው። ለአንዱ ኃጢአት፣ ለሌላው ጽድቅ?

የብሪክስተኗ፦
አልደገመውም! ይህን በማንሳትሽ አመሰግናለሁ። ለሁለት መከፈሉን ራሱን አልወደድኩትም። አንዱ ሳይሄድ ሌላው ሲመጣ መሰነባበት የሚባል ነገር ይቀራል። ግን ዴቪስ ያለፈውን አልነካም። ሰውዬው ያጣቸውን ሁሉ አጥቷል፣ ያጠፋውን አጥፍቷል። ደክሞሃል፣ ተቀመጥ ተባለ። ሸክሙን አወረዱለት። ሞፋት ግን ከረጢቱን ከፈተና መጀመሪያውኑ ባዶ ነበር አለ። ልዩነቱ አይታይሽም?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
...ይታየኛል። ትንሽ ላስብበት።

ጋሽ አራተኛው፦
ልጄ፣ ጥሩ ተናገርሽ። እኔ ግን ስለ ሌላ ሰው ልናገር። በ2013ቱ ዝግጅት መጨረሻ ላይ ስሚዝ የጋሊፍሬይ ሥዕል ፊት ብቻውን ተቀምጧል። ከጀርባው አንድ ድምፅ ይሰማል። ገና ፊቱ ሳይታይ አወቅኩት። ቶም ቤከር። 79 ዓመቱ ነበር። በ1983 እምቢ ያለኝ ሰውዬ ከ30 ዓመት በኋላ በከዘራ መጣልኝ። የሙዚየም ጠባቂ ነው ወይስ ዶክተሩ ራሱ፣ አልተነገረንም። የሥዕሉ ስም ሁለት እንዳልሆነ፣ አንድ እንደሆነ ይነግረዋል። «ጋሊፍሬይ ወደቀች» እና «ከእንግዲህ በቃ» ሳይሆን «ጋሊፍሬይ ከእንግዲህ አትወድቅም»። ባለቤቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች፣ የሞት መርዶ የሰማሁ መስሏት።

ከዚህ በኋላ እኔን ስለ ታሪኩ አወቃቀር አትጠይቁኝ። ዳኛ መሆን አልችልም።

ዳሌክ ከቦሌ፦
ጋሼ ራሳቸውን ከችሎት አነሱ። ሣጥን፣ ብቻህን ቀረህ።

ሰማያዊ ሣጥን፦
አልቀረሁም። ብሪክስተን፣ የከረጢቱ ነገር ከባድ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ዶክተር የሚለውን ስም ሲመርጥ የገባው ቃል አለ፤ አይጨክንም፣ አይፈራም፣ ተስፋ አይቆርጥም። ሕፃናት የሚያዩት ድራማ ነው። ጀግናው 2.47 ቢሊዮን ሕፃናት ገድሏል ብለህ ስንት ዓመት ትሄዳለህ?

የብሪክስተኗ፦
እኔ ሕፃን ሆኜ ነው ያየሁት። ምንም አልሆንኩም።

ስለ ሕፃን ካነሳህ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ከልቤ ነው። የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ከ2005ቱ እየጀመርን አብረን እያየን ነው። ቅዳሜ ያን የታሰረውን ዳሌክ አየን። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ትናንት ልትተኛ ስትል «ሁሉም ሞቱ? ሕፃናቱም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ተርፈዋል፣ በኋላ ትደርሺበታለሽ ልበላት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንዳትነግሪያት!

ዳሌክ ከቦሌ፦
ኧረ በናትሽ! ስፖይለር!

ሰማያዊ ሣጥን፦
አትንገሪያት። እስክትደርስ ትጠብቅ። አሁን ካወቀች የኤክልስተን ነገር ሁሉ ይበላሽባታል።

የብሪክስተኗ፦
ምን አልክ?

ዳሌክ ከቦሌ፦
ኡፍፍ። ሣጥን፣ ምን ነካህ?

ሰማያዊ ሣጥን፦
ቆይ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ነገ ከሥራ ስመለስ እጽፍልሻለሁ።