ኬታሚን ለድባቴ፦ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይጀምሩ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁለት ዓይነት የድባቴ መድኃኒት በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሰው «መድኃኒት የማይበግረው ድባቴ» አለበት ይባላል። በውጭ አገር ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ኬታሚን መስጠት ከተጀመረ ቆይቷል። የእኛ የመንግሥት ሆስፒታሎችስ በሰፊው ይግቡበት ወይስ ይቆዩ? የሐኪም ስም፣ የሆስፒታል ስም አይጠራም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አድርጉልን፣ እንዳንምታታ።

ፋርማሲስቱ፦ ይጀምሩ። ኬታሚን እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ማደንዘዣ ነው፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አለ። ዋጋውም አያስደነግጥም። ውዱ አሜሪካ በ2019 ያጸደቀችው፣ በአፍንጫ የሚነፋው ነው። እሱንማ የእንግሊዙ ገምጋሚ ተቋም ናይስ እንኳ ለሕዝብ ሆስፒታሎች አልመከረውም። እኔ የምለው በደም ሥር የሚሰጠውን ነው። የተለመዱት ክኒኖች ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ይሄ በሰዓታት ውስጥ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው ይሄ ልዩነት ትንሽ ነው?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ቸኮልክ። የአእምሮ ነርስ ነኝ፣ የማየውን ልንገርህ። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ የሚመጣውን ሰው ቁጭ ብዬ ስጠይቀው ሌላ ታሪክ ይወጣል። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ ሲውጥ የከረመ አለ። ያ ለእንቅልፍ ይረዳው ይሆናል እንጂ ለድባቴ አይበቃም። ሁለት ሳምንት ወስዶ የተወ አለ። ከሆስፒታሉ ሲያልቅ ከውጭ የሚገዛበት ያጣ አለ። ጠበል ሲገባ ክኒኑን ተው የተባለ አለ። (አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ መድኃኒትም እንደዚያ የሚናገሩ አባቶች ቢበዙልን እንዴት ባረፍን።) ታይሮይዱ (ሲዛባ ድባቴ የሚመስል ምልክት የሚያመጣው የአንገት ዕጢ) ያልታየለት አለ። ባይፖላር (ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚልበት ሕመም) ሆኖ ሳለ ድባቴ ብቻ ነው የተባለ አለ። እነዚህን ምን ትላቸዋለህ? ሕክምናው መቼ ደረሳቸውና!

አስታማሚ፦ ሲስተር፣ አከብርሻለሁ። ግን ይሄ ንግግር እኛን አድክሞናል። የወንድሜን መድኃኒት በእጄ ነው የምሰጠው። መጠኑ ተጨምሯል፣ ዓይነቱ ተቀይሯል፣ ሊቲየም ታክሎበታል፣ ታይሮይዱም ታይቷል። በየቀጠሮው አዲስ ሐኪም ይገጥመናል። አዲሱ ሐኪም ደግሞ «በትክክል ይውጣል ወይ?» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። እናታችን ሱቋን ዘግታ እሱን ትጠብቃለች። እኔ የዓመት ፈቃዴን ጨርሼ አሁን ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው። እሱ ራሱ ጥፋቱ የእሱ እየመሰለው ነው። «ጠንከር በል» የሚል ጎረቤት አለን፣ እሱን ለምደነዋል። ከነጭ ጋዋን ሲመጣ ግን ይከብዳል።

ሲስተር፦ የአንተ ወንድም እኔ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ አይደለም፣ ወንድምዬ። እሱ በእርግጥ መድኃኒት ያልበገረው ነው። እኔ የፈራሁት ሁሉም በአንድ ስም ተጠርቶ ሁሉም ወደ መርፌው እንዳይሮጥ ነው።

ተማሪው፦ ቁጥር ላምጣ። ስታር ዲ የሚባል የአሜሪካ ጥናት ነበር፣ ወደ 4,000 ሰው የተሳተፈበት፣ ውጤቱ በ2006 የወጣ። በመጀመሪያው መድኃኒት ሕመሙ የለቀቀው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ካልሠሩ በሦስተኛው የሚለቀው ወደ 14 በመቶ ወረደ። ላልተሻላቸው እስከ አራት ዙር ሕክምናው ይቀየር ነበር፤ የአራቱ ዙር ድምር 67 በመቶ እየተባለ ለዓመታት ተጠቀሰ። በ2023 መረጃውን እንደገና ያሰሉ ተመራማሪዎች ግን 35 በመቶ ነው አሉ። ስለዚህ አስታማሚው እውነቱን ነው። ክኒን እየቀያየሩ ዓመት መግፋት ብዙም ተስፋ የለውም።

የዲሲው፦ እኔ ካለሁበት፣ ከአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሌላውን ጎን ስሙ። እዚህ የኬታሚን ክሊኒክ እንደ ካፌ ፈልቷል። በአፍንጫ የሚነፋውን የወሰደ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ ይጠበቃል። ደም ግፊት ስለሚጨምር፣ ሰውየውም ከራሱ የተለየ ስለሚመስለው ነው። እስኪነጋ መኪና አይነዳም። ተዋናዩ ማቲው ፔሪ በ2023 የሞተው በኬታሚን ምክንያት ነው፣ ያውም ከሕክምና ውጭ ያገኘው። ሱስ አለው፣ ሲበዛ የሽንት ፊኛ ያበላሻል። ለውጡም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋና እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል። ፋርማሲስቱ የጠርሙሱን ዋጋ ነው የነገረን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ የምትቀመጠዋን ነርስ ማን ይከፍላታል?

ፋርማሲስቱ፦ ይሄኛው ነጥብ ይገባኛል። ግን አንድ የድባቴ ታካሚ ወራት ሙሉ አልጋ ሲይዝስ ነርስ አያስፈልገውም? ያንን ወጪ የሚያሰላው የለም።

ተማሪው፦ ኮረንቲውስ፣ አእምሮን በኤሌክትሪክ የሚያክመው፣ ለምን ተረሳ?

ሲስተር፦ እንኳን አነሳኸው! ሰው ኮረንቲ ሲባል በፊልም ያየውን ጩኸት ያስባል። በአግባቡ ሲሠራ ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ ነው፣ ጡንቻውም ዘና ተደርጎ። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ኬታሚንና ኮረንቲን አወዳድሮ ነበር። በኬታሚን 55 በመቶው፣ በኮረንቲ 41 በመቶው ጥሩ ለውጥ አሳየ። ፋርማሲስቱ እንዳትጨፍር! ጥናቱ ድምፅ የሚሰማቸውን፣ ከእውነታ የራቁትን አላካተተም። ለእነሱ እና ምግብ እምቢ ላለው ኮረንቲ አሁንም አንደኛ ነው። ትዝታ ላይ ችግር እንዳለው ግን አልክድም። የሚጎድለን ማሽኑ ብቻ አይደለም፣ ማደንዘዣ ሰጪውም ነው። እሱ ደግሞ ከኦፕራሲዮን ክፍል አይለቀቅልንም። ለኬታሚንም ቢሆን ክትትሉን የሚያውቅ ሰው ያው ከዚያ ነው የምትለምነው።

ፋርማሲስቱ፦ እሺ፣ በየሆስፒታሉ ማለቴን ተውኩት። የአእምሮ ስፔሻሊስትና ማደንዘዣ ሰጪ ባሉባቸው ሪፈራል ሆስፒታሎች ይጀመር። የተሰጠው ሁሉ ይመዝገብ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምን ላይ እንዳለ ይታይ። ለዚህም «ይቆይ» ትያለሽ?

ሲስተር፦ ለዚህ አልልም። ግን በዚያው በጀት ውስጥ ፍሉኦክሰቲን፣ የተለመደው የድባቴ ክኒን፣ ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ የሚል ይጻፍልኝ።

የዲሲው፦ እኔ አሁንም ይቆይ ባይ ነኝ። መዝገብ ይያዛል ተብሎ የተጀመረ ስንት ነገር አይተናል፣ መዝገቡ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በግል ክሊኒክ ሲገባ ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል?

አስታማሚ፦ እኔ ክርክሩ ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እንደዚያ ቢጀመር ሪፈር የሚጽፈው ማነው? የእኛ ሐኪም በየቀጠሮው ይቀየራል።

ሲስተር፦ ካርዱ ላይ የወሰደው መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑና ከነቀኑ መጻፍ አለበት። ከሌለ ዛሬውኑ አንተው በደብተር ጀምርለት። የሚቀጥለው ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር ነው።