«በ1978 ፍርድ ቤት ዘግቶታል» ለተባለው የዋምፓኖአግ ጉዳይ

አዜብ ዘቦስተን፦
ትናንት ስለ አሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ስንጫወት ጋሽ ታደሰ «ዋምፓኖአግ የሚባል ሕዝብ ዛሬ የለም፤ ነገሩን በ1978 ፍርድ ቤት ዘግቶታል፤ የቀረው ካዚኖ ፈላጊ ማኅበር ነው» ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ተቀብሎ አለፈው፤ እኔን ግን አላስቻለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ዋምፓኖአጎች በማሳቹሴትስ ግዛት የሚኖሩ የአሜሪካ ተወላጆች («ሕንዶች» የሚባሉት) ናቸው። በዚያው ግዛት በማሽፒ ከተማ ያሉት በ1976 ፍርድ ቤት የሄዱት የተወሰደ መሬታቸውን ለማስመለስ ነው። የያዙት የ1790ውን ሕግ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ሳያጸድቀው ከጎሳ የተገዛ መሬት ሽያጩ አይጸናም የሚለውን። ዳኛ ስኪነር ወደ መሬቱ ክርክር ከመግባቱ በፊት «ከሳሹ ጎሳ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ለጁሪ (ከሕዝብ ለተመረጡ ፈራጆች) ሰጠ። ጁሪው «አይደለም» ሲል ክሱ ወደቀ። የተዘጋው የመሬት ክሱ ነው። ሕዝቡን የዘጋ ፍርድ ቤት የለም።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጄ፣ ራስሽ ጻፍሽው እኮ። 40 ቀን ሙሉ ምስክር ተሰማ፣ የታሪክና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት ከሁለቱም ወገን ቀረቡ፣ ጁሪው «በ1976 ጎሳ አልነበሩም» አለ፣ ይግባኝ ሰሚውም በ1979 አጸና። ዘግቶታል ያልኩት ይህንኑ ነው።

አዜብ ዘቦስተን፦
መልሱን በሙሉ ያንብቡት እንጂ፣ ጋሽ ታደሰ። ጁሪው ስለ ስድስት ጊዜያት ነው የተጠየቀው። በ1790 ጎሳ ነበሩ? አልነበሩም። በ1834? ነበሩ። በ1842? ነበሩ። በ1869፣ በ1870፣ በ1976? አልነበሩም። በ1790 ያልነበረ ጎሳ በ1834 ከየት መጣ? የማሽፒ ጠበቆች መልሱ እርስ በርሱ ይጋጫል ብለው ተቃውመው ነበር፤ ዳኛው አልተቀበላቸውም። መለኪያውም ከ1901 ፍርድ የተወሰደ ነው፦ አንድ ዘር፣ አንድ ማኅበረሰብ፣ አንድ አመራር፣ የታወቀ ግዛት። ጎሳነቱ አንዴ በፈቃድ ከተተወ አይመለስም የሚል መመሪያም ተጨመረበት።

ናሆም፦
አዜብ ልክ ናት። በ1834 «ነበሩ» የተባለበትን ምክንያት ደግሞ እኔ ልጨምር። በማሽፒ ላይ ማሳቹሴትስ የሾማቸው ነጭ ሞግዚቶች ነበሩ፤ እንጨቱንና የግጦሽ ሣሩን ለውጭ ሰው የሚሸጡት እነሱ ነበሩ። በ1833 የማሽፒ ሰዎች ከፒኮት ጎሳ ተወላጁ ሰባኪ ከዊልያም ኤፕስ ጋር ሆነው «ከጁላይ 1 ጀምሮ ያለ እኛ ፈቃድ ማንም ነጭ እንጨትም ሣርም አይወስድም» ብለው አወጁ። በዚያው ዕለት እንጨት ሊወስዱ የመጡትን ሰዎች ጋሪ አራገፉባቸው። ኤፕስ 30 ቀን ታሰረ። በ1834 ግን የራስ አስተዳደር አገኙ። በ1842 የወል መሬቱ ለየቤተሰቡ ተከፋፈለ፤ ለውጭ ሰው መሸጥ ግን ክልክል ነበር። በ1869 እና በ1870 ግዛቱ ዜጎች አደረጋቸው፣ ማሽፒን ተራ ከተማ አደረጋት፣ የሽያጩንም ክልከላ አነሳ። መሬቱ የፈሰሰው በዚያ በር ነው። ጁሪው ከ1869 ጀምሮ ጎሳ አልነበሩም ሲል፣ ግዛቱ የጫነባቸውን ነገር እነሱ በፈቃዳቸው እንደተዉት የቆጠረ ይመስለኛል።

ጋሽ ታደሰ፦
ከ1870 በኋላ እንደማንኛውም የአሜሪካ ከተማ መረጡ፣ ባፕቲስት ሆኑ፣ ከጥቁርም ከነጭም ተጋቡ። ቋንቋው ከ100 ዓመት በላይ ተናጋሪ አልነበረውም። ታዲያ ሕዝብ የሚሆኑት በምኑ ነው?

ወለተ ሰማዕት፦
ክርስትናውን እንደ ማስረጃ ማቅረብዎ ነው ያናደደኝ። ሃርቫርድ ደሞዝ እየከፈለ የላከው ቄስ ፊኒያስ ፊሽ የሕንዶቹን የጸሎት ቤት ይዞ የሚሰብከው በአብዛኛው ለነጮች ነበር። የማሽፒ ሰዎች የተሰበሰቡት ከራሳቸው ወገን በሆነው በዓይነ ስውሩ ሰባኪ በጆ ኤሞስ ዙሪያ ነው፤ ባፕቲስትነቱም የመጣው በእሱ ነው። ያ ጉባኤ አንድ አድርጎ ያቆያቸው እንጂ ያጠፋቸው አይደለም። ከተማ ከሆነችም በኋላ አስተዳደሩን ለመቶ ዓመት ገደማ የያዙት ራሳቸው ናቸው። ቋንቋውንም በ1993 የማሽፒዋ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ ማስመለስ ጀመረች፤ ዛሬ በማሽፒ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለው።

ናሆም፦
እዚህ ላይ ከወለተ ጋር አልስማማም። ቋንቋው የሚመለስበት መሠረት በ1663 የታተመው የኤልየት መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የእንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ትርጉም። ከእሱ የሰው ንግግር አይወጣም።

ወለተ ሰማዕት፦
ኤልየት ብቻውን አልተረጎመውም። ጆብ ነሱታን አብሮት ሠርቷል፤ ማተሚያ ቤት ፊደል የለቀመው የኒፕመክ ተወላጁ ጄምስ ፕሪንተር ነው። ደግሞም መሠረቱ እሱ ብቻ አይደለም። ዋምፓኖአጎች ራሳቸው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት ኑዛዜ፣ የመሬት ውልና አቤቱታ አለ፤ የጎረቤት ጸብ፣ የድንበር ምልክት፣ የውርስ ዕቃ ሁሉ ያለበት። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው። የድሮው አጻጻፍ የአናባቢን ርዝመትና በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ ወጥ አድርጎ አያሳይም። ስለዚህ አንድ ቃል በተለያየ ሰው እጅ የተጻፈበት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ዛሬም ከሚነገሩት እህት ቋንቋዎች፣ ከፓሳማኳዲና ከኦጂብዌ፣ ጋር ይተያያል፤ የድምፅ ለውጡ ሕግ ስለሚታወቅ የጎደለው ይሞላል። ቤርድ ይህን በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ከቋንቋ ሊቁ ከኬኔት ሄል ጋር ሠርታ በ2000 ተመረቀችበት። አዲስ ቃል ሲያስፈልግ ከቋንቋው የገዛ ግንድና ቅጥያ ይሠራል እንጂ ከእንግሊዝኛ አይቀዳም።

ናሆም፦
ኑዛዜውን እቀበላለሁ። የቀልዱና የቁጣው ቃና ግን ከወረቀት አይመለስም፤ በዚህ እጸናለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦
ስለ ቋንቋው ተከራከሩ፤ ካዚኖውን ግን ሁላችሁም ዘለላችሁት።

አዜብ ዘቦስተን፦
አልዘለልኩትም። የፌዴራል መንግሥት ማሽፒን በ2007 ጎሳ ብሎ ተቀበለ፤ ሰባት መስፈርት አለው፣ ሰባቱንም ማሟላት ግዴታ ነው። የአኩዊናዎቹ ዋምፓኖአጎች ደግሞ ከ1987 ጀምሮ ዕውቅና አላቸው። «ማኅበር» ያሉት ይህን ነው። በ2015 መንግሥት 321 ኤከር መሬት በአደራ (በመንግሥት ስም፣ ለጎሳው ጥቅም) ያዘላቸው፣ ከፊሉ ማሽፒ፣ ከፊሉ ቶንተን። ካዚኖው የታሰበው ቶንተን ላይ ብቻ ነው። በ2020 ማርች፣ ኮቪድ በተነሳበት ሰሞን፣ ያው መንግሥት አደራውን ላንሳ ሲል የማሽፒው መሬትም አብሮ ሊሄድ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦
ያነሳው በጥላቻ አይደለም። በ2009 የበላዩ ፍርድ ቤት በጎረቤታቸው በናራጋንሴት ጎሳ ጉዳይ፣ ለጎሳዎች መሬት በአደራ መያዝን የሚፈቅደው የ1934ቱ ሕግ የሚያገለግለው በዚያ ዓመት በፌዴራል ሥልጣን ሥር ለነበሩ ብቻ ነው ብሏል። ማሽፒ በ1934 በማን ሥር ነበረች? በማሳቹሴትስ።

አዜብ ዘቦስተን፦
በፌዴራል ሥር ለመሆናቸው ማስረጃ አለ፦ ልጆቻቸው ካርላይል ወደሚገኘው የፌዴራል የሕንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደዋል፤ የመንግሥት ሪፖርትና ቆጠራም መዝግቧቸዋል። ዳኛ ፍሪድማን በ2020 ጁን ውሳኔውን የሻረው አደራውን የሚይዘው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እነዚህን ማስረጃዎች በአግባቡ አልመዘነም ብሎ ነው፤ በ2021 ዲሴምበር መሥሪያ ቤቱ ራሱ መሬቱ ይጸናል አለ። እርስዎ በ1978 እንደቆሙ ነዎት።

ጋሽ ታደሰ፦
የ2021ዱ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ ሌላ አስተዳደር ሲመጣ ይቀየራል። የጁሪው ቃል ግን አልተሻረም።

ናሆም፦
ጋሽ ታደሰ፣ ያ ጁሪ እኮ በ1834 ጎሳ ነበሩ ብሏል። እሱንስ ይቀበላሉ?