የኤሌክትሪክ መኪና ሻጭ ሳይሠለጥን እንዳይሸጥ ይከልከል?

አወያይ፦
መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ያሳወቀው ጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲደረጉ፣ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር። በዚህ ምክንያት ዛሬ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል ሰው በነዳጅና በኤሌክትሪክ መካከል የሚያማርጥበት ዕድል እጅግ ጠቧል። ሰሞኑን አንዲት የውይይት ቡድናችን አባል የገዙትን የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ ዓይነት ሻጩን ጠይቀው «ኦሪጅናል ነው» የሚል መልስ እንደተሰጣቸው መጻፋቸው ብዙዎችን ስላነጋገረ፣ ጥያቄውን ለክርክር አቅርበነዋል፦ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሠራተኛ የኤሌክትሪክ መኪና እንዳይሸጥ በሕግ ይከልከል? የድርጅት ስም እንዳይጠራ አደራ እንላለን።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦
ይከልከል ባይ ነኝ። ሻጩ መኪናው በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ሲነግረኝ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። ወረቀቱ በቻይንኛ የተጻፈ ነው፤ ከቁጥሩ በቀር እሱም እኔም የምናነበው ነገር አልነበረበትም። በዚያ ቁጥር አስልቼ የባንክ ብድር ገባሁ። ከተማ ውስጥ ስሠራ የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ ደንበኛ ይዤ አዳማ ደርሼ ስመለስ ግን ባትሪው ከጠበቅሁት በላይ ሲወርድ ላብ አጠመቀኝ። ሻጩን ደውዬ ብጠይቀው «ኤሲውን አጥፋው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
ወንድሜ፣ ወረቀቱ አልዋሸህም፤ የሚለው ነገር ሌላ ሆኖ ነው። ለቻይና ገበያ የሚሠሩ መኪኖች የሚለኩት ሲኤልቲሲ በሚባለው ፈተና ሲሆን፣ በዚህ ፈተና መኪናው በአማካይ የሚነዳው በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ፍጥነትም 114 ነው። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት ደብሊውኤልቲፒ አማካዩ 46 አካባቢ ሲሆን እስከ 131 ይደርሳል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ እጅግ ፈጥኖ ስለሚጨምር፣ በፈጣን መንገዱ ላይ በ110 የሚነዳ ሰው የቻይናውን ቁጥር አያገኘውም። በዚህ ላይ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ የምትወጣው ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ነው። ከነተሳፋሪው 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ ይህ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ከተማ ውስጥ ያልከፋህም ለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ መጨናነቅ ከቻይናው ፈተና ጋር ይቀራረባል፣ ፍሬን ስትይዝም ኃይሉ ተመልሶ ወደ ባትሪው ይገባል። ከፍታችን አየሩን ስላሳሳው ትንሽም ቢሆን ይጠቅመናል፤ ይህን ደግሞ ማንም ሻጭ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ጋራዤ ድረስ የሚመጣው ጉዳት ብዙውን ጊዜ መነሻው መኪናው የተሸጠበት ቀን ያልተነገረ ነገር ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ መሞላት አለበት፤ አለዚያ ቀሪውን ኃይል የሚያሰላው ሥርዓት ይሳሳትና ዳሽቦርዱ ላይ 15 በመቶ እያሳየ መኪናው ሊቆም ይችላል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ደግሞ ለዕለት ሥራ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ «ኦሪጅናል ነው» የተባሉት እህታችን ባትሪያቸውን በየቀኑ እስከ ስንት መሙላት እንዳለባቸው አያውቁም ማለት ነው። ሌላው በገመድ መጎተት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳባቸው ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ሲጎተት ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል፤ መወሰድ ያለበት በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው። ለሳምንታት ቆሞ አልነሳ ሲልም ትልቁ ባትሪ የሞተ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው እንደ ማንኛውም መኪና ያለው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። «ሰርቪስ አያስፈልገውም» የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ የሞተር ዘይት ባይኖረውም የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይትና የአየር ማጣሪያ አለው።

ገዢ፣ ከሲኤምሲ፦
«ኦሪጅናል ነው» የተባልኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ከባትሪው ይልቅ ያንገላታኝ ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናውን ቤት ወስጄ አብሮት የመጣውን ቻርጀር ስሰካው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር መሙላት አልጀመረም። ሻጩ ዘንድ ስመለስ ቻርጀሩ ችግር እንዳለበት ተነግሮኝ ሌላ ተቀየረልኝ፤ እሱም ያው ሆነ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ሲሆን፣ ቤቱ ሲሠራ የግራውንድ መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) እንዳልተዘረጋለትና ቻርጀሩም ግራውንድ ካላገኘ ሰው እንዳይነዘር ሥራ እንደማይጀምር ወዲያውኑ አስረዳኝ። የመጀመሪያው ቻርጀር ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሰማሁት ደግሞ፣ በተራ ሶኬት በ10 አምፒር የምሞላ ከሆነ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ባዶውን ከጀመረ ከአንድ ቀን በላይ እንደሚፈጅ፣ 32 አምፒር የሚችል መስመር ካለኝ ግን በ9 ሰዓት ገደማ እንደሚሞላ ነው። ይህን ሁሉ ሳልከፍል በፊት ማወቅ አልነበረብኝም? ሻጩ ለጨዋነቱ ወደር የለውም፤ ቡናም ጋብዞኛል። ቤቴ ግራውንድ አለው ወይ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

የሽያጭ ሠራተኛ፦
የተከሳሹን ወንበር የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ላስረዳ። ከምንሸጣቸው መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ በኩል የሚመጡ ናቸው፤ ፋብሪካው ወኪል ስላልሾመ አሠልጣኝ አይልክም፣ መመሪያው በቻይንኛ ነው፣ የፋብሪካው ዋስትናም መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ይቀራል። የማውቀውን ያወቅሁት ከዩቲዩብ፣ ከቴሌግራም ቡድኖችና ቅሬታ ይዘው ከተመለሱ ደንበኞች ነው። ገዢውም ቢሆን የሚጠይቀኝ ዋጋውን፣ ቀለሙንና ሰንሩፍ መኖሩን ነው፤ ስለ ግራውንድ የጠየቀኝ ሰው የለም። የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ፣ በየሙያው የሲኦሲ ፈተና አልፎ ሥራውን የማይችል ሰው ሁላችንም አይተናል፤ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማለት አንድ ተጨማሪ ክፍያና አንድ ተጨማሪ ወረፋ ነው፤ ወጪውም ዞሮ መኪናው ዋጋ ላይ ይወድቃል። ከሁሉም የከበደው ግን ይህ ነው፦ እኔ «በረጅም መንገድ 400 ቢሄድልዎ ነው» ብዬ እውነቱን ብናገር ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ገብቶ 600 ካለው ሰው ይገዛል። የምኖረው በኮሚሽን ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
የመጨረሻው ነጥብዎ የክርክሩ እምብርት ይመስለኛል፤ የሚያመራን ግን እርስዎ ወደ ደረሱበት አይደለም። እውነት የተናገረው ሻጭ የሚከስረው የመናገር ግዴታው ሁሉንም እኩል ስለማይዝ ነው። በሕግ ደረጃ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። የጎደለው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና «በቂ መረጃ» ማለት ምን ምን እንደሆነ ዘርዝሮ የሚያስቀምጥ መመሪያ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን እቃወማለሁ፤ በምትኩ ከሽያጭ ውሉ ጋር ተያይዞ በሻጩ የሚፈረም አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት አስገዳጅ ይሁን እላለሁ። የባትሪው ዓይነትና አቅም በኪሎ ዋት ሰዓት፣ የሚሄድበት ርቀት ከነተለካበት ፈተና ስም፣ የሶኬቱ ዓይነት የቻይናው ይሁን የአውሮፓው፣ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው መስመር፣ ዋስትናውን እዚህ አገር የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ሠራተኛው ይህን ወረቀት ለመሙላት ሲል ይማራል፤ ሳያውቅ ከሞላውም ድርጅቱ ይጠየቅበታል።

መምህርት፦
በ2018 እ.ኤ.አ. ኔቸር ኢነርጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ገዢ መስለው በዴንማርክ፣ በፊንላንድ፣ በአይስላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን 82 መሸጫዎችን 126 ጊዜ ጎብኝተው፣ ሻጮቹ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪናን ጉዳይ ሳያነሱ ወይም እያጣጣሉ ደንበኛውን ወደ ነዳጅ መኪና እንደሚመልሱት አሳይተዋል። የእኛ ችግር የዚያ ግልባጭ ነው። እዚያ ሻጩ ባለማወቁ ዝም ይላል፤ እዚህ ሌላ የሚሸጠው መኪና ስለሌለው ባለማወቁ ያጋንናል። በተጋነነ ተስፋ የገዛ ሰው ቅሬታውን ለጎረቤቱ ሲነግር ደግሞ፣ ጎረቤትየው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ያገለገለ የነዳጅ መኪና ፍለጋ ይሄዳል። የሕዝብ ግንዛቤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ አይመጣም፤ መኪናው በሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይም ይሠራል፣ እዚያው ይበላሻልም።

ተሳታፊ፣ ከደሴ፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አዲስ አበባ ነው። ፈጣን ቻርጀሮቹ የተከማቹትም እዚያው ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1,300 ገደማ ወርዶ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ለባትሪው ይመልሳል፤ የሚመለሰው ግን ከወጣው ያነሰ ነው። በወረቀቱ ላይ የገዢው መኖሪያ ከተማና እስከዚያ ባለው መንገድ ላይ ያሉ የቻርጅ ጣቢያዎች ይጻፉልን።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦
የሕግ ባለሙያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ የምስክር ወረቀቱን ጥያቄ ትቼዋለሁ ማለት ግን አይደለም። እንደ እኔ ያለው ሰው ቀጣዩን መኪና የሚገዛው ከደላላ ነው። ደላላ ይህን ወረቀት ይሞላል?

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
አይሞላም። ለእሱ መፍትሔው መለካት ነው። መኪናውን 20 በመቶ ላይ ይዘህ ፈጣን ቻርጀር ጣቢያ ግባና እስከ 100 ሙላው፤ መጨረሻ ላይ አዝጋሚ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባትሪው አዲስ ሳለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ከነበረ፣ ደረሰኙ ላይ ቢያንስ 48፣ ሲሞላ ከሚባክነው ኃይል ጋር ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር መታየት አለበት። 38 ካየህ ዋጋ አትደራደር፣ ተነሥተህ ሂድ።

የሽያጭ ሠራተኛ፦
ወረቀቱን እፈርማለሁ፤ ሁሉም ሱቅ የሚፈርም ከሆነ። ሆኖም የርቀቱን ቁጥር በተመለከተ አንድ ችግር አለ፦ ለቻይና ብቻ የተሠሩ ሞዴሎች በአውሮፓው ፈተና ተለክተው አያውቁም። የቻይናውን ቁጥር ከነፈተናው ስም ብጽፈው ገዢው የፈተናውን ስም ዘልሎ 600ውን ብቻ ያነበዋል።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
እንግዲያው እዚሁ ይለካ። ከየሞዴሉ አንዱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ አራት ሰው አሳፍሮ፣ በፈጣን መንገዱ በተፈቀደው ፍጥነት አዳማ ደርሶ መመለስና ስንት በመቶ እንደወረደ መመዝገብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቁጥሩን የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ወይም ሌላ ገለልተኛ አካል ይያዘው፤ ወረቀቱም ላይ «ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ መልስ ይህን ያህል በመቶ» ተብሎ ይጻፍ። የፈተናን ስም የማያውቅ ገዢም ይህን ያውቀዋል።

የሽያጭ ሠራተኛ፦
ለፈተናው የሚሆነውን መኪና ማን ያቀርባል?

የሕግ ባለሙያ፦
አስመጪው። ያላቀረበ ሞዴል ሰሌዳ እንዳይወጣለት ማድረግ ይቻላል።