ለአባት ዕቃ መግዛት በእርግጥ «የሰነፍ ልጅ ስጦታ» ነውን?

የበኩር ልጅ፦
ትናንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ ለአባት ዕቃ መግዛት «የሰነፍ ልጅ ስጦታ» እንደሆነ፣ የሚያስብ ልጅ ግን ጉዞ ወይም ትርኢት ወይም አብሮ የሚውሉበትን ቀን እንደሚያበረክት፣ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲናገሩ አዳመጥሁ። እንግዲያው ለአባቴ የመስሚያ መሣሪያ የገዛሁት እኔ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው። መሣሪያው የጆሮ ምርመራን፣ ተደጋጋሚ ማስተካከያንና አባቴ እስኪለምዱት ድረስ ንጭንጫቸውን መቻልን የጠየቀ ነበር፤ ትኬት ግን ሶፋ ላይ እንደተጋደሙ በስልክ ይገዛል። ስንፍናው ከሁለቱ በየትኛው እንዳለ እንግዳው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መንገደኛዋ፦
ወንድሜ፣ እንግዳው የተናገሩት ስለ እርስዎ ሳይሆን ክራባት፣ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ በየዓመቱ እያፈራረቀ ስለሚያመጣው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችንም እርሱው ነን። ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ዕቃ ከገዙበት ገንዘብ ይልቅ ለጉዞና ለመሳሰለው ባወጡት የበለጠ እንደተደሰቱ አሳይተዋል። አዲስ ዕቃ ቶሎ ይለመዳል፤ አብሮ የተዋለበት ቀን ግን ዝናብ ያበላሸው እንኳ ቢሆን ቆይቶ ሲወራ ያስቃል። የመስሚያ መሣሪያው ደግሞ ሕክምና ስለሆነ በዚህ ክርክር ውስጥ መግባቱን አልቀበልም።

የበኩር ልጅ፦
ሕክምና ነው ብለው ያስወጡት ዕቃ ነው አባቴን ወደ ቤተሰቡ ጨዋታ የመለሳቸው። ለእርስዎ ሐሳብ የማይመች ዕቃ ሁሉ «ሕክምና» እየተባለ ከወጣ የሚቀረው ክራባት ብቻ ነው፤ ክራባትን ማሸነፍ ደግሞ ለማንም አይከብድም።

ማስረጃ ይቅረብ፦
እህታችን የጠቀሱት ጥናት ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ ለራሳቸው ስላደረጉት ወጪ የተጠየቁበት እንጂ ስለ ስጦታ የተደረገ አይደለም። ስለ ስጦታ የሚናገረው ሲንዲ ቻንና ካሲ ሞጊልነር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። እርሱም እህታችንን ይደግፋል፤ ሆኖም በማይወዱት መንገድ ነው የሚደግፋቸው። እንደ ጉዞና ትርኢት ያለው ስጦታ ከዕቃ የበለጠ ቅርርብን እንደሚያጠናክር ያገኙት፣ ሰጪውና ተቀባዩ አብረው ቢያሳልፉትም ባያሳልፉትም ነው፤ ምክንያቱም ተቀባዩ ስጦታውን በሚጠቀምበት ሰዓት የሚሰማው የስሜት ብርታት እንደሆነ ጽፈዋል። ስለዚህ አብሮ የመዋሉ ስብከት ከጥናቱ ያልተገኘ ተጨማሪ ነው። ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በገጠመኝ፣ ማለትም በጉዞና በመሳሰለው፣ የበለጠ የሚደሰቱት በኑሮ ደረጃ ከፍ ያሉት ሆነው ሲገኙ፣ ዝቅ ያሉት ግን በዕቃም እኩል ወይም የበለጠ ተደስተዋል።

የበኩር ልጅ፦
እንግዲህ እንግዳው «ሰነፍ» ያሉት፣ አባቱ ጫማ የሚያስፈልጋቸውን ልጅም ይጨምራል ማለት ነው። ይህን በሬዲዮ ለመናገር ሙሉ ጫማ ማድረግ ይጠይቃል።

የአራት ልጆች አባት፦
ስለ እኛ ይህን ያህል ሲጻፍ አንድ አባት ሐሳቡን ቢሰነዝር ነውር እንደማይሆንብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕቃ ሲሰጠኝ በፈለግሁት ሰዓት አነሣዋለሁ፣ ካልፈለግሁም አስቀምጠዋለሁ፤ ጉዞ ሲሰጠኝ ግን የሚሰጠኝ ቀጠሮ ነው። ጉልበቴን ቢያመኝም፣ ያን ቀን ቤቴ ዝም ብዬ መቀመጥ ብመኝም፣ ተነሥቼ መሄድ፣ እዚያ ስደርስም መደሰት አለብኝ፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣኝ መደሰቴ ፊቴ ላይ መታየትም አለበት። ታላቁ ልጄ ዓሣ ማጥመድ ስለሚወድ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ሰጠኝ፤ እኔ በሕይወቴ ዓሣ ላጥምድ ብዬ አላውቅም። ከተሰጠኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት አንድ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ነው፤ አብሮኝ እንዲሰረስር የጠየቅሁት ልጅም የለም።

መንገደኛዋ፦
አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የልጅን ጊዜ «ቀጠሮ» ብሎ መጥራት የሚያሳዝን አነጋገር ነው። ልጆቻችን አይጠይቁንም ብለው የሚያማርሩ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ልጁ ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራም አበዛብኝ ይባላል። ልጅ ከሁለቱ የትኛውን ያድርግ?

የአራት ልጆች አባት፦
አይጠይቁኝም አላልሁም። ያልሁት፣ ልጄ ቤቴ መጥቶ ቢቀመጥ ያ ስጦታ ተብሎ በፖስታ ታሽጎ አይመጣም ነው። ክፍያ ያለበት፣ ሰዓት የተቆረጠለት፣ ካልሄዱበት ገንዘቡ የማይመለስ ነገር በእኔ ዘመን ቀጠሮ ነው።

ታናሽ እህት፦
የአራት ልጆች አባት የሆኑት «ቀጠሮ» ያሉት ነገር ልቤን ነክቶኛልና እኔም ከሌላ ወገን እንዳየው ይፈቀድልኝ። በእኛ ቤት ትኬቱን የሚልኩት ርቀው የሚኖሩት ወንድሞቼ ናቸው፤ አባቴን የምታለብሳቸው፣ መድኃኒታቸውን የምትይዘው፣ የምታደርሳቸውና ማታ ደክመው ሲመለሱ የምትቀበላቸው ደግሞ አብራቸው የምትኖረው ልጅ ናት። ወንድሞቼ ሸሚዝ ቢልኩ ኖሮ እኔ የምከፍተው ካርቶን ብቻ ነበር። ምስጋናው ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ትኬቱ ላኪ ይሄዳል።

መንገደኛዋ፦
የእርስዎ ችግር የወንድሞች እንጂ የስጦታው ዓይነት አይደለም። ወንድሞች ስላላገዙ ጉዞው ይቅር ማለት አባትን መቅጣት ነው።

ታናሽ እህት፦
ይቅር አላልሁም፤ የሚልከው ራሱ መጥቶ ይውሰዳቸው ነው ያልሁት። ይህን መስማት የሚያስቆጣዎት እርስዎም ትኬት ላኪ ስለሆኑ እንዳይሆን።

ገበያ ጠል፦
ሁላችሁም የነጋዴ መጫወቻ ሆናችኋል። የአባቶች ቀን ራሱ ነጋዴ የፈጠረው ነው፤ መጀመሪያ ክራባት ሸጠላችሁ፣ ክራባቱ ሲሰለቻችሁ ደግሞ «ትዝታ» እያለ ይሸጥላችኋል።

ማስረጃ ይቅረብ፦
ቀኑን የጀመረችው በአሜሪካ በስፖኬን ከተማ ሶኖራ ስማርት ዶድ ናት፤ የመጀመሪያው በዓል የተከበረው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ያነሣሣትም እናቷ ከሞተች በኋላ ስድስት ልጆችን ያሳደጉት አባቷ ናቸው። የወንዶች ልብስ ነጋዴዎች ተደራጅተው የገቡበት ከብዙ ዓመት በኋላ በ1930ዎቹ ነው፤ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1972 ነው። ስለ ትዝታ ሻጮች ያሉት ግን ልክ ነው፤ ትኬት ሻጭም ነጋዴ ነው።

ገበያ ጠል፦
ከ1910 ጀምሮ ተቆጥሮ የመጣው መልስ ያው የእኔው ሆነ።

የበኩር ልጅ፦
ከጉዳዩ አንውጣ። እህታችን እስካሁን አንድ ጥያቄ አልመለሱም፤ አባትየው ዕቃ ነው የምፈልገው ካሉ፣ ዕቃውን የሚገዛው ልጅ አሁንም ሰነፍ ነው?

መንገደኛዋ፦
እንዲህ የሚሉ አባት ካሉ እቀበላለሁ። የአብዛኞቹ አባቶች መልስ ግን «ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ደኅና ሁኑልኝ» ነው። ከዚህ መልስ ውስጥ ዕቃ አይወጣም፤ የሚወጣው «እናንተ» የሚለው ነው።

ማስረጃ ይቅረብ፦
ፍራንቼስካ ጂኖና ፍራንሲስ ፍሊን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ተቀባዮች አብልጠው የሚያመሰግኑት ራሳቸው የጠየቁትን ሲያገኙ ሲሆን፣ ሰጪዎች ግን ያልተጠየቁትን አስበው ቢያመጡ ቢያንስ እኩል የሚመሰገኑ ይመስላቸዋል። ምንም አልፈልግም ያሉ አባት ምንም ካልተሰጣቸው፣ ልጁ ሰነፍ ሳይሆን ታዛዥ ነው።

የአራት ልጆች አባት፦
«ምንም አልፈልግም» የምለው ልጆቼ ገንዘባቸውን እንዳያባክኑ ነው። መሰርሰሪያውንም አልፈልግም ብዬ ነበር።

መንገደኛዋ፦
እንግዲያው ዓሣ ማጥመዱን አልፈልግም ማለትዎን ልጅዎ በምን ይለየው ነበር?

የአራት ልጆች አባት፦
መሰርሰሪያውን የሰጠችኝ ልጄ፣ አሮጌው ሲያጨስ አይታ ነው።

ታናሽ እህት፦
ይህን ክርክር ለወንድሞቼ ልኬላቸዋለሁ። አንደኛው አንብቦ ዝም ብሏል፤ ሌላው ደግሞ አባታችን ራሳቸው ይጠየቁ የሚል መልስ ጽፏል፤ የሚጠይቃቸው ማን እንደሆነ ግን አልጻፈም።