ክርክር፦ ማሽን ባለበት ቤት ልጆች በእጅ ማጠብ ይማሩ?

አወያይዋ (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ታላቅ እህቴ ለእናታችን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከገዛችላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ማሽኑ ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከፍሪጁ ጎን ቆሟል። እናቴ በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳዋለች። ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ። እሷ ግን ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ወጥታ በሳፋ ታጥባለች። 14 ዓመት የሆናትን የእህቴን ልጅም አጠገቧ ታስቀምጣታለች። «ማሽን ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። እጅሽ ግን የራስሽ ነው» ትላታለች። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ነገር እናቴና እህቴ ተኳረፉ።

ብዙ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ማሽን ባለበት ቤት ልጆች በእጅ ማጠብ፣ በእንጨት መጋገር ይማሩ ወይስ አይማሩ? እኔ አይማሩ ባይ ነኝ። የእናቴን ጣቶች አይቻቸዋለሁ። ክረምት ላይ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጣጠቃሉ፤ ማታ ማታ ቅባት ቀብታ በጨርቅ ትጠቀልላቸዋለች። ያን ለልጅ የማወርስበት ምክንያት አይታየኝም።

የሦስት ልጆች እናት (ጎንደር)
ይማሩ እንጂ! እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መብራትም እንደፈለገው ይሄዳል። የዛሬ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ፣ አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ገና አራት እንጀራ እንዳወጣሁ መብራት ድርግም አለ። ታላቋ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ቆማ ታየኛለች። እሳት ማያያዝ አታውቅም። ጭራሮው ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ እንደሚሆን አታውቅም። ሊጤን ተሸክሜ ጎረቤት ሄጄ ጋገርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት። የልጄ ጥፋት አይደለም፤ ያላስተማርኳት እኔ ነኝ። ደግሞ ያልለፋ ልጅ የድካምን ዋጋ ከየት ያውቀዋል? ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ከቁም ሳጥን የሚበቅል ይመስለዋል።

ጡረተኛ መምህር (ደብረ ብርሃን)
ልጄ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እናቴ እህል የምትፈጨው በእጅ ወፍጮ ነበር። ዶሮ ሲጮህ ትነሣለች። ጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብላ መጁን ትገፋለች፣ ትስባለች። እኔ በዚያ ድምፅ ነው የምነቃው። መዳፏን ስትዳብሰኝ እንደ ቅርፊት ይሻክረኝ ነበር። በኋላ ከቤታችን አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ተተከለ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የሞተር ዱቄት የተቃጠለ ነው፣ እንጀራው አይጥምም። የዛሬ ሴቶች ሰነፉ» አሉ። እናቴ መልስ አልሰጠቻቸውም። ጤፉን አህያ ላይ ጭና ሄደች። ከዚያ ወዲህ መጁን አልነካችም።

ዛሬ በእጅ ወፍጮ መፍጨት የምትችል ልጅ ያለችው ከመካከላችሁ ማን ነው? ልጄ አትችልም ብሎ የሚያፍር ወላጅ አላየሁም። ነገም ስለ ሳፋው እንዲሁ ይባላል።

የሦስት ልጆች እናት (ጎንደር)
ጋሼ፣ አክብሬ ነው የምመልስልዎ። አንዱ ወፍጮ ቤት ቢዘጋ ሌላው አለ። እኔ ቤት መብራት ሲሄድ ግን ሌላ መብራት የለኝም። መጁ የተረሳው ምትኩ አስተማማኝ ስለሆነ ነው። የምጣዱ ምትክ እንደዚያ እስኪሆን እሳት ማንደድ አይረሳ ነው የምለው።

የጤና ባለሙያ (ባሕር ዳር)
ስለ እሳት ከተነሣ፣ ጭሱን እንዳትረሱት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ዋናው መነሻ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ ማንደድ ነው። ሳንባን፣ ልብን፣ ዓይንን ይጎዳል። እናቶቻችን ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ሲጋግሩ አድገን ነገሩን ለመድነው። ልጄ እሳት ማያያዝ ብታውቅ አልጠላም። በር ተዘግቶ፣ ሕፃን ታዝሎ ጭስ ውስጥ መዋልን ግን «ሙያ» አንበለው።

ከጅዳ
በሰው ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ የሰሃን ማጠቢያው፣ ሁሉም አለ። ግን አንድ የተማርኩት ነገር አለ። ማሽን አለ ማለት ሥራ አለቀ ማለት አይደለም። ማሽኑ ስላለ ልብስ በቀን ሦስቴ ይቀየራል። አንዴ የተነጠፈ አንሶላ በማግስቱ ይነሣል። አውጥቼ የምተኩሰው፣ የማጥፈው እኔው ነኝ። እንቅልፌ አልጨመረም።

አወያይዋ፣ የእህትሽ ነገር ሆዴን በላው። እኔም ለእናቴ ማሽን ገዝቼላታለሁ። የሦስት ወር ደሞዜ ነው። ቪዲዮ ስንደዋወል ከጀርባዋ አየሁት። እሷም ዳንቴል አልብሳዋለች። «ልጄ የላከችልኝ ነው» እያለች ለእንግዳ ታሳያለች። እማዬ፣ እንዲታይ አይደለም የላክሁት። ወገብሽ እንዲያርፍ ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ኤሌክትሪሽያን (አዳማ)
ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። እናቶች ማሽኑን የሚሸፍኑት ስለሚፈሩት ነው። ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? የመብራት ሂሳብ ቢቆልልስ? ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ግን ቁጥሩን እንይ። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከጋገራችሁ አምስት ኪሎዋት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ማጠቢያ ማሽን ግን ውሃ ካላሞቀ የሚፈጀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። ምጣዱንም የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራ ሲቀሩ አጥፉት፤ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ያበስላቸዋል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው፣ ባለሁለት በርሜሉ (በአንዱ የሚያጥብ፣ በሌላው የሚጨምቅ) ማሽን በባልዲ ይሞላል። ቧንቧ አይጠብቅም። ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ አውቶማቲኩን ገዝቶ ያስቀምጠዋል።

ለጎንደሯ እህቴ፣ ምርጥ ምጣድ የሚባለውን የእንጨት ምድጃ ለመጠባበቂያ አስቀምጪ። ዙሪያው ዝግ ስለሆነ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱም ያንሳል። ልጅሽን በእሱ አለማምጃት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ሐዋሳ)
እስካሁን ሁላችሁም «ልጄ» ስትሉ ሴቷን ነው። እኔ ወንድ ነኝ። እቤት ካልሲዬን እንኳ አጥቤ አላውቅም ነበር። ታናሽ እህቴ ነበረች የምታጥብልኝ። ዶርም ስገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሸሚዜን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ኮሌታውን እንዴት እንደምፈትግ ጠፋኝ። ያስተማረኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ይማሩ ካላችሁ ወንዶቹም ይማሩ። ማሽን ይጠቀሙ ካላችሁም ቁልፉን ወንዱም ይጫን።

የሦስት ልጆች እናት (ጎንደር)
እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። የመሐከለኛው ልጄ ወንድ ነው፣ 16 ዓመቱ። ትዝም አላለኝ። ማስተማሬን አልተውም፤ አሁን ሁለቱንም ነው።

ባለሱቅ (አዲስ አበባ)
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ሰው ግን አልተነሣም። ሠራተኛዋ።

በ11 ዓመቴ ከገጠር መጥቼ ሰው ቤት ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ማሽን ነበር፣ ሽፋን ለብሶ። «እሷ እያለች ለምን መብራት ይቆጥራል?» ይባል ነበር፣ እኔ ፊት። የስድስት ሰው ልብስ በእጄ አጥብ ነበር። ብርድ ልብሱ ውሃ ሲጠጣ ከሳፋው ላወጣው አልችልም። እግሬን አስገብቼ እረግጠዋለሁ። ትምህርት ልግባ ብዬ ስለምን ጊዜ የለም ተባልኩ። ጊዜው እኮ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። በእጅ ማጠብ ትምህርት ነው ስትሉ እኔን ያ ነው የሚመጣብኝ። የዚያ ትምህርት ምሩቅ ነበርኩ፤ ፊደል ግን በ20 ዓመቴ ነው የቆጠርኩት።

አወያይዋ (አዲስ አበባ)
እህቴ፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ዛሬ አንቺ ቤት እንዴት ነው? ልጅሽስ?

ባለሱቅ (አዲስ አበባ)
ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካልሲዋንና የውስጥ ልብሷን በእጇ ታጥባለች፣ ከመተኛቷ በፊት። አንሶላ፣ ጂንስ፣ ፎጣ፣ የትምህርት ቤት ልብስ በማሽን ነው። የምታግዘኝ አንዲት ልጅ አለች። የመጣች ቀን ያሳየኋት ማሽኑን ነው። የመጀመሪያ ቀን ቁልፉን ለመጫን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ልብሱን ከትታ፣ እሱ እስኪጨርስ የቤት ሥራዋን አጠገቡ ቁጭ ብላ ትሠራለች። 11 ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ ለማታው ትምህርት ትወጣለች። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት።