አይነኬ አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም አለ፤ ምን ላድርግ?

መርፌና ክር (ደሴ)፣ ሐምሌ 21

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ የምታውቁ ሰዎች እስቲ አንድ በሉኝ።

ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቱ የእናቴ ነው፤ ታናሽ ወንድሜም አብሮን ይኖራል። ውሻችን አይነኬ ይባላል። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። ያኔ ካንድ ጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልታ ስለነበር፣ ስሙ ለውሻው ብቻ የወጣ አይመስለኝም። ከጎረቤቷ ጋር ከታረቁ ቆዩ፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

አይነኬ ስድስት ዓመቱ ነው። ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ያበሻ ውሻ። እስከ ሰኔ ድረስ ስሙን አላሰደበም። ቆጣሪ አንባቢው እንኳ በሩን አያንኳኳም፤ መንገድ ላይ ቆሞ «ውሻውን ያዙ!» እያለ ነው የሚጣራው። ይሄ ውሻ ነው እንግዲህ አሁን እናቴ አልጋ ስር የገባው።

የጀመረው ሐምሌ 1 ነው። ከሰዓት ላይ የጦሳ ተራራ በደመና ተሸፈነ፤ ወዲያው በረዶ ወረደ። ጣራችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የእናቴ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የምትለውን አልሰማም። መብረቁም ቅርብ ነበር፤ ብልጭታውና ድምፁ እኩል መጡ። ሲያባራ ብወጣ አይነኬ በስብሶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እግሩ ሲንቀጠቀጥ ጥፍሩ ሲሚንቶው ላይ ጠ-ጠ-ጠ ይላል። ያን ሌሊት አንዴም አልጮኸም።

ይለቀዋል ስንል ባሰበት። ደመና ሲከብድ፣ እኛ ገና ምንም ሳንሰማ፣ ማለክለክ ይጀምራል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ጅራቱን እግሩ መሃል ወትፎ በርግዶ ይገባል። እናቴ «ውሻ ቤት አይግባ» ባይ ናት፤ ግን እንዴት አድርገህ ታስወጣዋለህ? በሩ ሲዘጋ ይደነግጣል። ይባስ ብሎ ሙቀጫ መፍራት ጀመረ። እናቴ ቡና ልትወቅጥ ዘነዘናውን ገና አንዴ ስታሳርፈው ብን ብሎ ይጠፋል። አሁን ሙቀጫዋን ተሸክማ ያቺው የታረቀቻት ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ነው የምትወቅጠው። ለውሻ ብላ!

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ «ይልመደው» ብሎ በዝናብ ጎትቶ አወጣው። ሽንቱን ለቀቀ፤ ከዚያም ዞሮ የወንድሜን እጅጌ ነከሰ። አስተዳደጉ እንዲህ አልነበረም። እናቴ ጠበል ረጨችው፤ እሱንም ፈራ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ግማሽ ዳያዜፓም ስጠውና ይተኛልሃል ብሎኛል። ልስጠው? በሽታ ይሆን? ቀን አይበላም፤ ማታ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ግን ወጥቶ ይበላል፣ ውሃም ይጠጣል።

ሐረጎ፣ ሐምሌ 21

የማይጮህ ውሻ ምን ይሠራልሃል ወንድሜ? ለሆነ ሰው ስጠውና ቡችላ ፈልግ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ።

መርፌና ክር፣ ሐምሌ 21

ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሞ የጠበቀን ነው። አይሆንም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሐምሌ 22

እንስሳት ጤና ላይ ነው የምሠራው። ከሩቅ ሆኖ መመርመር አይቻልም፤ ግን የማውቀውን ልበልህ።

ቅር አይበልህና መጀመሪያ የምጠይቅህ ስለ እብደት ነው። ክትባቱን መቼ ወሰደ? በቅርቡ ሌላ ውሻ ነክሶታል? ሰው እብድ ውሻ ሲባል የሚታየው እየሮጠ የሚናከሰው ብቻ ነው። ዝም የሚለውም አለ። ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይላላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ አጥንት አንቆት ነው ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት። ምልክቱ ከጀመረ ግን ውሻው ባብዛኛው ከ10 ቀን አያልፍም። ያንተው 20 ቀን ሆኖታል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ስለዚህ ሐሳቤ ወደዚያ አያደላም። ወንድምህ ግን ልብሱ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። ቆዳው ተጭሮ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ከዚያ ሕክምና።

ቀጥሎ ሕመም ይታይ። አምስት ስድስት ክረምት ያሳለፈ ውሻ ድንገት ድምፅ ሲፈራ፣ ብዙ ጊዜ የሚያመው ነገር አለ። ጆሮ፣ ጥርስ፣ መገጣጠሚያ። የሚያመው ሆኖ ሳለ ሲደነግጥና ጡንቻው ሲኮማተር ሕመሙ ይነሳበታል፤ ከዚያ ድምፁንና ሕመሙን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ጆሮውን ገልብጠህ አሽትተው። ከሸተተህ ወይም ስትነካው ጭንቅላቱን ካራገፈ ሐኪም ዘንድ ውሰደው።

ዳያዜፓሙን ተወው። አንዳንዱን ውሻ ማስተኛቱ ቀርቶ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። ያመዋል ብለህም ከቤት ያለ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጠው፤ ጨጓራውንም ኩላሊቱንም ነው የሚጨርሰው። ለውሻ የሚሆን መድኃኒት አለ፤ እሱን ሐኪም መዝኖት ያዝዛል። አደንዝዞ የሚያስተኛው ዓይነት ደግሞ አካሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ፍርሃቱ ውስጡ እንዳለ መሸሽ ያቅተዋል።

ጎትቶ ማውጣት የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በረዶው ሲጥል ውሻው የት ነበር? ታስሮ ነበር?

መርፌና ክር፣ ሐምሌ 22

ይሄን ጥያቄ እየፈራሁት ነበር።

አዎ፣ ታስሮ ነበር። ቀን ቀን እናስረዋለን፣ ማታ እንፈታዋለን፤ እንደ ሰፈሩ ሰው። ሰንሰለቱ ከአሸንዳው ስር ካለው በርሜል አጠገብ ነው። በረዶው ሲጥል አሸንዳው ሞልቶ እላዩ ላይ ነበር የሚደፋው። ከማድ ቤቱ ጣራ አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ አጠገቡ ወድቋል። እኔ ደግሞ ልብሴ እንዳይበሰብስ ብዬ በር ላይ ቆሜ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ከጽሑፉ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም።

አንገቱ ላይ ፀጉሩ ተመልጧል። ሲስብ የነበረ መሆን አለበት።

ክትባቱን ባለፈው ዓመት ወስዷል። ወንድሜ ቆዳው አልተነካም፤ አይቼዋለሁ።

አቦል (ደሴ)፣ ሐምሌ 23

አብሽር የኔ ልጅ፣ ይድናል። እኔ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ውሻችንን ዳማን ፈትተን ለቀቅናት። ይዘናት የምንሄድበት መንገድ አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በር ላይ አገኘናት፤ አጥንቷ ብቻ። ምን እንደሰማች እሷና አላህ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ አጥር ዘላ ትጠፋ ነበር። ርችት ሲተኮስማ አይወራ። ሰው ሁሉ «አትበቃም» አለኝ።

መጀመሪያ መደበቂያ ሠራሁላት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ውሃ ከማይወርድበት በኩል፣ አሮጌ ጠረጴዛ አስቀምጬ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ ሥሩ ፍራሽ። በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ሲያሻት ትገባለች፣ ሲያሻት ትወጣለች። እዚያ ከገባች ማንም አይነካትም፣ ማንም አይጠራትም። ልጆቼን ያስጠነቀቅኩት በዱላ ነው።

ሰው «አታባብያት፣ ትለምዳለች» ይላል። እኔ አልሰማሁም። ስትመጣብኝ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ሐኪም ብጠይቅ ፍርሃት በማባበል አይጨምርም አለኝ። ልጅ ሲፈራ አቅፈኸው ፍርሃቱ ባሰበት እንዴ?

ከዚያ በወተት ጣሳ ጀመርኩ። ማንኪያውን በጨርቅ ጠቀለልኩና ከሳሎን ሆኜ አንዴ «ጥ» አደረግኩ፤ ልጄ ውጭ ሆና ወዲያው ሥጋ ትሰጣታለች። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ሥጋው ቀጥሎ። ሥጋው ከቀደመ፣ ሥጋ ስታይ አሁን ሊጮኽብኝ ነው ብላ ሥጋውን መፍራት ትጀምራለች። ይሄን እኔም ተሳስቼ ነው ያወቅኩት። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ሥጋውን እምቢ ካለች ድምፁ በዝቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ራቅ ትላለህ። ጨርቁን ከማንኪያው እስካወልቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

አንተ ቤት ሙቀጫ ስላለ ከሱ ጀምር። ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ሥጋ የለንም እንዳትለኝ። ከኛ ሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ጠይቅ፤ ለውሻ ነው ካልክ ባነሰ ዋጋ ይሰጡሃል። ውሻው የማን ቢላ እንዳረደው አይጠይቅም።

ቦርከና፣ ሐምሌ 23

እትዬ አቦል ጨርሰውታል። አንድ ነገር ብቻ። የመብረቁን ድምፅ ራሱን በስልክ ቀድተህ ቀስ እያደረግህ ማለማመድ ይቻላል፤ ግን አሁን አትጀምረው። አንተ ዝቅ አድርገህ እያሰማኸው ሳለ እውነተኛው መጥቶ አናቱ ላይ ሲፈነዳ የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ምት ይጠፋል። እሱን ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ። ክረምቱን መሸሸጊያ ስጠው። ሬዲዮ ክፈት፣ መጋረጃ ዝጋ። ውሻ እኛ የማንሰማውን ይሰማል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፣ የውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። የተፈታ ቆርቆሮ ካለህ ምስማር ምታበት፤ ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው ላንተ ምንም ነው፣ ለሱ ግን ጩኸት ነው።

መርፌና ክር፣ ነሐሴ 12

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወቅት ደርሶ ጨርቅ ውስጥ ሰጥሜ ነው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ባጃጅ አልገባም ስላለ በእግር ነው የሄድነው፤ ውስጥ ለውስጥ። ግራ ጆሮው ውስጥ ሁለት መዥገር ወጣለት። ያበጠና የቀላ ቦታ ነበረው። አጥበው ጠብታ ሰጡን፣ ክትባቱንም አሳደስኩ። ከመቼ ጀምሮ ሲያመው እንደነበር አላውቅም። ጆሮውን ገልብጬ አይቼው አላውቅማ።

ሰንሰለቱን ነቅዬ ጣልኩት። አሁን ቀንም በሩ ተዘግቶ ግቢ ውስጥ እንደልቡ ነው። ከማድ ቤት ጀርባ በጣውላ ጎጆ ሠራሁለት። ጣራው ላይ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ደራርቤ በላስቲክ ሸፈንኩት፤ በረዶ ቢመታውም «ዱብ» ነው የሚለው፣ አይጮኽም። ሁለት ቀን ሙሉ አልገባበትም። በሦስተኛው ቀን የእናቴን አሮጌ ነጠላ ብጥልበት ገባ።

ሙቀጫው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እናቴ መጀመሪያ «ለውሻ ጨርቅ ልወቅጥ?» ብላ ሳቀች። ማታ ግን ራሷ አሮጌ ፎጣ አጣጥፋ ሙቀጫው ውስጥ ከተተች። ዘነዘናውን በሁለት እጇ ይዛ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አሳረፈችው። «ፉ» አለ። አይነኬ በር ላይ ነበር፤ አንድ ጆሮው ብቻ ተነሳ። ሥጋ ሰጠሁት። ደግሞ «ፉ»፣ ደግሞ ሥጋ። በአራተኛው ቀን እናቴ ተቻኩላ ፎጣውን አወጣችው፤ ሮጦ አልጋ ስር ገባ። «አንቺ ነሽ!» «አንተ ነህ!» ተባባልን። ፎጣውን መልሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ፎጣው ወጥቷል፤ በምትኩ ቡናው ገብቷል። እሁድ ለት ውቀጣው ሲጀመር አይነኬ ከጓሮ ዞሮ መጥቶ እጄን አሽተተኝ። እናቴ ጾሟን ይዛ እኔን በዓይኗ ቆረጠችኝ፤ እጄ ሥጋ ሥጋ ይላላ።

መብረቅ ሲሆን አሁንም ይሸሻል። ግን ወደ ጎጆው ነው የሚሸሸው፤ አልጋ ስር የገባው ሁለቴ ብቻ ነው። ሌሊት መጮህ ጀምሯል፤ እንደድሮው ባይሆንም። ትናንት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አይነኬ ዝም አለው። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ አንኳኳ። ያኔ ጮኸበት።

አሁን ያስጨነቀኝ ቡሄው ነው። ልጆቹ ከሰሞኑ ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል። ትናንት ማታ አንዱ ከአጥራችን ሥር ሲያጮኸው አይነኬ አልጋ ስር ገባ። ሥጋ ወረወርኩለት፣ አልነካውም። መብራት አጥፍተን ከተኛን በኋላ ግን ሲያላምጥ ሰማሁት። ዛሬ ማታ ሆያ ሆዬ ሲመጡ ሙልሙሉን ይዤ ቀድሜ መንገድ ላይ ልጠብቃቸው ነው፤ ዘፈኑን ጨርሰው ጅራፉን ከታች ሰፈር እንዲያጮሁት። እትዬ አቦል፣ ዳማ ጅራፍ ትችላለች?

አቦል፣ ነሐሴ 12

አትችልም። በየዓመቱ ነሐሴ 12 ማታ ጠረጴዛዋ ስር ናት። ሬዲዮውን አስጠግቼላት እተኛለሁ። ሙልሙሉ ላይ አትሰስት።